የወይን ቅምሻና የምርት ጥራት፦ ከሩቅ አገር አርሶ አደሮች ጠርሙስ ምን እናገኛለን?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ምርት ጥራት እንድናገር ሲጠይቀኝ የታሰበው ስለ ማራችን ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ማር ከጀመርኩ «የየትኛው ቀበሌ ማር ነው የሚበልጠው?» የሚል ክርክር ይነሣና ምሳው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እዚህ ማንንም የማያስቀይም የሩቅ ሰዎችን ምርት መርጫለሁ። የምናገረው ስለ ፖርቱጋል ነጭ ወይን፣ ስለ አቀማመሱና ከምን ምግብ ጋር እንደሚስማማ ነው። ወይኑን የሚያመርቱት እንደ እናንተው በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ፣ ጠባብ ማሳ ያላቸው አርሶ አደሮች ናቸው።

በመካከላችን በሃይማኖት ወይም በጤና ምክንያት አልኮል የማትቀምሱ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ቅምሻ ግን መጠጣት አይደለም። በሙያው የተሰማሩ ቀማሾች በአንድ ቀን በርካታ ናሙና ስለሚመረምሩ እያንዳንዱን በአፋቸው አገላብጠው ይተፉታል። የሥራው ትልቁ ክፍልም የአፍንጫ ነው። የማይቀምስ አባል በአፍንጫው ብቻ ሊረዳን ይችላል።

ፖርቱጋል በአውሮፓ ምዕራባዊ ጫፍ ከስፔን ጎን የምትገኝ፣ ፊቷን ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ያደረገች አገር ናት። በሰሜን ምዕራብ ማዕዘኗ፣ በፖርቶ ከተማ ዙሪያና ከዚያ ወደ ሰሜን እስከ ሚኞ ወንዝ ድረስ ያለው ምድር ዝናባማና ለምለም ነው። አብዛኛው ቦታ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ አፈሩም ከግራናይት ድንጋይ የተገኘ፣ አሸዋማና አሲዳማ ነው። ከዚህ አካባቢ የሚወጣው ወይን ቪኞ ቬርዴ ይባላል። ስሙ ቃል በቃል ሲተረጎም «አረንጓዴ ወይን» ማለት ነው። ቀለሙ ግን አረንጓዴ አይደለም። በለጋነቱ የሚጠጣ፣ ያልቆየ ወይን መሆኑንና የምድሩን ልምላሜ ያስታውሳል። አካባቢው በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን ዛሬ በዘጠኝ ንዑሳን አካባቢዎች ተከፍሎ ይታወቃል።

መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል የኖረ በመሆኑ የተቆራረሰ ነው። ይህን ሳነብ የእኛን ወረዳ የሚገልጹ መሰለኝ። ቤተሰቡ ያለችውን ማሳ ለበቆሎ፣ ለድንችና ለጎመን ይፈልጋታል። ታዲያ ወይኑ የት ይተከል? የጥንት አባቶቻቸው መልስ ዳሩና ሰማዩ ላይ የሚል ነበር። የወይኑን ሐረግ በማሳው ድንበር በቆሙ ዛፎች ላይ ይሰቅሉታል፤ ወይም በግራናይት ምሰሶ ላይ ከፍ ያለ ዳስ ሠርተው በላዩ ያለብሱታል። ከሥር በቆሎው ይበቅላል፣ ከላይ የወይኑ ዘለላ ይንጠለጠላል። መከር ሲደርስ ረጅም መሰላል ተሸክሞ ከዛፍ ዛፍ መዞር ነው። እኛ ዛሬ ጥምር ግብርና እያልን የምናስተምረውን እነሱ ቸግሯቸው የጀመሩት ነው ማለት ይቻላል።

ከፍታው አንድ ጥቅም ነበረው። ዝናብ በሚበዛበት አገር ነፋስ የሚያገኘው ቅጠል ቶሎ ስለሚደርቅ የሻጋታ በሽታ ይቀንስለታል። ጉዳቱ ደግሞ ዘለላው በቅጠልና በዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ዘግይቶ መብሰሉ ነው። በሚገባ ያልበሰለ ፍሬ ስኳሩ ያንሳል፤ ኮምጣጣነቱ ይበዛል። እርሾው የሚያብላላው ስኳሩን ነውና ስኳር ያነሰው ጭማቂ አልኮሉም ያንሳል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር አንድ መቶኛ አልኮል ይሰጣል፤ ስለዚህ 190 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ 11 መቶኛ ገደማ አልኮል ያለው ወይን ይሆናል። ቪኞ ቬርዴ በአልኮል ቀላል፣ በኮምጣጣነት ብርቱ ሆኖ የታወቀው በአየሩም በዚህ አተካከልም ምክንያት ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ብዙዎቹ ሐረጉን ከዛፍ አውርደው በዝቅተኛ ሽቦ ላይ በመደዳ መዘርጋት ጀምረዋል፤ ዋናው ምክንያት ፍሬው ፀሐይ አግኝቶ በደንብ እንዲበስል ነው።

ሌላው መለያው ምላስ ላይ የምትሰማ ትንሽ መንዘር ነው። ቀድሞ ወይኑ በጠርሙስ ከታሸገ በኋላ ባክቴሪያ ማሊክ የሚባለውን አሲድ ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጠው የሚወጣው ጋዝ እዚያው ታፍኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን በቀላሎቹ ዓይነቶች ላይ በአብዛኛው ሲታሸግ የሚጨመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ነውር አይደለም፤ የለመደው ሰው ስለሚወደው ያኖሩለታል። ነጩ ወይን ገበያውን ከመያዙ በፊት የአካባቢው ሰው አብዝቶ ያመርት የነበረው ቀይ ቪኞ ቬርዴ እንደነበረና ያንንም በነጭ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ይጠጡት እንደነበር አልፌ ልጥቀስ።

አሁን ወደ ማኅበራቸው ልምጣ። በሰሜኑ ጫፍ፣ በሚኞ ወንዝ ዳር፣ ሞንሳው የምትባል ከተማ አለች። ኮረብታዎች ከውቅያኖሱ ነፋስ ስለሚከልሏት ከሌላው አካባቢ ሞቅ ያለችና ዝናቧ ያነሰ ናት። በዚህ ቦታ አልቫሪኞ የሚባለው የወይን ዝርያ እጅግ ይስማማዋል። ዘለላው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ምርቱ በሄክታር አነስተኛ፣ ጣዕሙ ግን የተከማቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በዚህች ከተማ 25 አምራቾች ተሰባስበው የሞንሳው ክልላዊ የኅብረት ሥራ መጥመቂያን መሠረቱ። ዛሬ ከ1,500 በላይ አባላት አሉት።

ማኅበሩ ከሚያወጣቸው ወይኖች አንዱ ዴው ላ ዴው ይባላል። ይህ የአንዲት ሴት ስም ነው። በአካባቢው አፈ ታሪክ እንደሚነገረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የካስቲል ጦር ከተማይቱን ከብቦ ሕዝቡን በረሃብ ሊያስገብር ሲል፣ ይህች ሴት የቀረውን ጥቂት ዱቄት አሰባስባ ዳቦ ጋግራ በግንቡ ላይ ወደ ጠላት ወረወረችው፤ «ካነሳችሁ ተጨማሪ አለን» ለማለት ነው። ከባቢዎቹም ከተማው ገና ጥጋብ ላይ ነው ብለው ተነሥተው ሄዱ ይባላል። በከተማዋ ዓርማ ላይ ዳቦ የያዘች ሴት ትታያለች። ሌላው ወይናቸው ሙራሊያሽ ይባላል፤ ግንቦቹ እንደ ማለት ነው። እሱም አልቫሪኞና ትራዣዱራ የተባሉት ዝርያዎች ተቀላቅለውበት የሚጠመቅ ነው።

አንድ ወዳጃችን ከጉዞ ሲመለሱ ሁለት ጠርሙስ ቪኞ ቬርዴ ስላመጡልን ባለፈው ሳምንት ሰባት ሆነን ቀምሰናል። አንደኛው 10 መቶኛ አልኮል ያለው ቀላል ቅልቅል፣ ሁለተኛው 13 መቶኛ የሆነ ንጹሕ አልቫሪኞ ነበር። ቀላሉ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ አልቫሪኞው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ቢቀርብ ይመረጣል። በዕለቱ መብራት ስላልነበረ ጠርሙሶቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ አቆየናቸው። ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ በመጠኑ ይበርዳል። ብርሌ ግን ለቅምሻ አይመችም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። ተራ የውኃ ብርጭቆ ይሻላል፤ ሲሶውን ብቻ መቅዳት ነው።

መጀመሪያ በዓይን ይታያል። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ አጋድሞ ማየት ይበቃል። ጥሩ ቪኞ ቬርዴ ጥርት ያለ፣ የገለባ ቀለም ያለው፣ አንዳንዴም አረንጓዴ የሚያጠቅስ ነው። ወደ ቡናማ ያዘነበለ ከሆነ አርጅቷል ወይም አየር ገብቶበታል። ቀላሎቹ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣት አለባቸው፤ ጥሩ አልቫሪኞ ግን የተወሰኑ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ አፍንጫ ነው። ሳይነቀነቅ አንድ ጊዜ ይሸተታል፤ ከዚያ ብርጭቆውን አዙሮ እንደገና ይሸተታል። ሲዞር ወይኑ የብርጭቆውን ግድግዳ ስለሚያርሰው መዓዛው ይወጣል። እዚህ ላይ ከሰባታችን ሰባት መልስ ተሰማ። አንድ አባት «ሎሚ ነው» አሉ፤ አንዲት እናት «የለም፣ ኮክ ነው፣ ልጣጩ» አሉ። ገንዘብ ያዣችን ምንም አልሸተተኝም አለ። መጻሕፍቱ ስለ አልቫሪኞ የሚጽፉትም ሎሚንና ብርቱካንን የመሰለ መዓዛ፣ ኮክ፣ አንዳንዴም የብርቱካን አበባ የሚል ስለሆነ ሁለቱም ሽማግሎቻችን ትክክል ናቸው። ሎሬይሮ የተባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ የስሙ መነሻ ከሆነው የሎሬል ቅጠል ጋር የሚመሳሰል መዓዛ አለው ይባላል። ወይን ውስጥ ኮክም ሎሚም አልተጨመረም፤ ፍሬውና እርሾው የሚያወጧቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው ከእነዚህ ሽታዎች ጋር የሚመሳሰሉት። ማርም አበባውን የሚነግረን በዚሁ መንገድ ነው።

በመጨረሻ አፍ ነው። ጥቂት ጎንጨት አድርጎ በምላስ ላይና ከምላስ ሥር ማዳረስ፣ በትንሹም አየር መሳብ ያስፈልጋል። ምራቅ በብዛት ከመጣ ኮምጣጣነቱ ብርቱ ነው ማለት ነው። ጎሮሮ ላይ የሚሰማው ሙቀት የአልኮሉ ነው። በቡድናችን ውስጥ ለዘመናት ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለቱንም ቀምሰው ከተፉ በኋላ ዝም አሉና «ያኛው ታጥቦ ሄደ፤ ይህኛው ግን እስካሁን አፌ ውስጥ አለ» አሉ። ያኛው ያሉት ቀላሉ፣ ይህኛው ያሉት አልቫሪኞው ነበር። ባለሙያ ቀማሾች ከሚመዝኗቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ይኸው ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ ጣዕሙ የሚቆይበት ጊዜ ነው። እኚህ እናት ያለ ምንም ሥልጠና ደረሱበት። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ሰብል ጥበቃና ስለ አፈር ብዙ ተምሬያለሁ፤ ምላስን ስለ ማሠልጠን ግን አንድም ክፍለ ጊዜ አልነበረንም። ይህን ዕውቀት እቤታችን አስቀምጠን ነው የምንፈልገው።

ወደ ምግቡ ልለፍ። የሚኞ ሰው ይህን ወይን ለብቻው አይፈልገውም። በሰኔ ወር በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰርዲን ዓሣ በከሰል ላይ ጠብሶ በዳቦ ላይ አድርጎ ይበላል፤ ከጎኑ ቀዝቃዛ ቪኞ ቬርዴ ይኖራል። የሰርዲን ቅባት አፍን ይሸፍናል፤ የወይኑ ኮምጣጣነት ያጥበዋል፤ ቀጣዩ ጉርሻም እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል። እኛ በተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በጨው የደረቀው ኮድ የተባለው ዓሣም የታወቀ ምግባቸው ነው። ጨው እንዲወጣለት አንድና ሁለት ቀን በውኃ ተዘፍዝፎ በድንችና በወይራ ዘይት ይሠራል። ጨውና ዘይት ያለበት ምግብ ኮምጣጣ ወይንን ያለሰልሰዋል። አረንጓዴ ሾርባ የሚሉትም አለ፤ ድንች ተቀቅሎ ይፈጭና እንደ ፀጉር የቀጠነ ጎመን ይጨመርበታል፤ ከበቆሎ ዳቦ ጋር ይበሉታል። ልብ በሉ፣ በቆሎው፣ ድንቹና ጎመኑ ከወይኑ ዳስ ሥር የበቀሉት ናቸው። ማሳውና ማዕዱ አንድ ሆኖ ሳለ ወይኑ ከምግቡ ጋር ባይስማማ ነበር የሚገርመው።

ለእኛ ማዕድስ? ሁለት ነገር አስተውያለሁ። የመጀመሪያው እንጀራን ይመለከታል። ወይን ከምግቡ ያነሰ ኮምጣጣነት ካለው ውኃ ውኃ ይላል። እንጀራችን የተብላላ ሊጥ በመሆኑ ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ለስላሳ ወይን አጠገቡ ይጠፋል፣ ቪኞ ቬርዴ ግን አይጠፋም። ሁለተኛው በርበሬ ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ 13 መቶኛው አልቫሪኞ ጥሩ ጓደኛ አይደለም፤ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ከ9 እስከ 10 መቶኛ የሆነ ቀላሉ ይሻላል። አልቫሪኞውን ለተጠበሰ ዓሣ፣ ለዶሮ አልጫ ወይም ለዓይብ ብናቆየው ይከብራል። በቅምሻችን ዕለት የቀረበልን ዓይብ በጎመን ስለነበር ከሁለተኛው ጠርሙስ ጋር እጅግ ተስማማ፤ ምናልባትም ጠርሙሱ ቶሎ ያለቀው በዚህ ምክንያት ይሆናል።

የተከበራችሁ አባላት፣ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ጣዕም ከዋጋ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። ቪኞ ቬርዴ በዚህ ስም ለገበያ የሚቀርበው በአካባቢው የወይን ኮሚሽን ላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ በቀማሾች ቡድን ተቀምሶና የዋስትና ምልክት ተለጥፎበት ነው። መርማሪው መሣሪያ የአልኮሉንና የአሲዱን መጠን ይናገራል፤ መጥፎ ሽታ መኖሩን የሚያረጋግጠው ግን ሰው ነው። በፍሬው በኩል ደግሞ ብዙ የወይን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲረከቡ ኪሎውን ብቻ ሳይሆን የጭማቂውን ስኳርም ይለካሉ፤ የሚከፍሉትም ሁለቱን አይተው ነው። መለኪያው ሪፍራክቶሜትር ይባላል። አንድ ጠብታ በመስታወቱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ብርሃን ማየት ነው። የማር እርጥበት የሚለካበት መሣሪያም የዚሁ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የቁጥሩ አደራደር ላይ ነው።

ጥራትን ሳይለይ የሚገዛ ምን እንደሚገጥመው ያው ፖርቱጋል ታሳየናለች። ከሞንሳው በስተደቡብ ዳው የሚባል ሌላ የወይን አካባቢ አለ። በሳላዛር አገዛዝ ዘመን በዚያ የኅብረት ሥራ መጥመቂያዎች ተስፋፉና የአርሶ አደሩን ፍሬ የመግዛት መብት ለእነሱ ብቻ ተሰጠ ለማለት ይቻላል። ነጋዴው ፍሬ መግዛት ስለማይችል የተጠመቀውን ወይን ከማኅበራቱ ይወስድ ነበር። ተፎካካሪ የሌለው ገዢ የሚተጋበት ምክንያት አልነበረውም፤ የዳው ወይንም ስሙ ቀነሰ። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ1986 የአውሮፓን ማኅበረሰብ ከተቀላቀለች በኋላ ብቸኛው መብት ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጥሩ ማሳ የነበራቸው ሰዎች ፍሬያቸውን ለራሳቸው አስቀርተው በራሳቸው ስም መጥመቅ ጀመሩ። የወጡት ጎበዞቹ ናቸው፤ ጥሩ ምርት ያለው ሌላ በር ያገኛልና።

አሁን ደፍሬ የእኛን ልናገር፤ የሥራ ኃላፊዎችም ባላችሁበት መናገሩ ይጠቅማል። በእኛ መረከቢያ ነጭና ንጹሕ ማር፣ ጭስ የሸተተው ማር፣ ሰፈፉ ሳይከደን ተቆርጦ ውኃ የበዛበት ማር ሁሉም በአንድ ዋጋ ይመዘናል። ጥሩ ማር ያለው አባል ምን ያደርጋል? ግማሹን ለነጋዴ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ ሌላውን ግዴታውን ለመወጣት ወደ እኛ ያመጣል። ይህን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። በዚህ መንገድ ከቀጠልን ዩኒየኑ የሚሰበስበው ሌላው ገበያ ያልፈለገውን ይሆናል።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየመረከቢያው እርጥበት ይለካ፤ ከ20 መቶኛ በላይ የሆነው ሊብላላ ስለሚችል ለብቻው ይያዝ። ከየማኅበሩ ሁለት ሁለት ቀማሾች ይመረጡ፤ የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ በቁጥር ብቻ የቀረበ ናሙና ይቅመሱ፤ ከዚያ ሁለት የዋጋ ደረጃ ይውጣ። ከቀማሾቹ መካከል ጠጅ የሚጥሉ እናቶች እንዲኖሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን በግብይት ኮሚቴዎቻችን ውስጥ የሴቶች ቁጥር ትንሽ ነው።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፤ ሳልሸፍን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ የሚቀንስባቸው አብዛኛውን ጊዜ ድሆቹ ናቸው፤ ክዳን ያለው ንጹሕ ባልዲ የሌላቸው፣ ጭሱን የሚመጥን ማጨሻ የሌላቸው፣ ልጅ ታሞባቸው ማሩ ሳይደርስ የሚቆርጡት። የዋጋ ደረጃው ከመጀመሩ በፊት ባልዲውና ማጨሻው ከትርፍ ክፍፍሉ ላይ በሚቆረጥ ብድር እንዲቀርብላቸው፣ ለአስቸኳይ ችግርም ማኅበሩ ቅድመ ክፍያ እንዲሰጥ በሐሳቡ ላይ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። ወረዳው በሥልጠናው በኩል ቢያግዘን እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ከመስከረም በፊት በሁሉም ቀበሌዎች መዞር እንችላለን።